የተጣለ ነገር ወዴት ይደርሳል?

ስለ ከተማ ጥራጊና ስለሚያመጣው ጕዳት የቀረበ ትምህርት

ሰው በምድር ላይ ሲኖር ይበላል፤ ይጠጣል፤ ይለብሳል፤ ይሠራል። ከሚበላውም ከሚሠራበትም ትርፍራፊ ይቀራል። ይህ ትርፍራፊ በቤት ውስጥ ሲከማች ይሸታል፥ ዝንብና አይጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ጠርጎ ማውጣት የንጽሕና ሥራ ነው፤ ይህንንም ሥራ የሚንቅ ቤት የለም። ነገር ግን ጥራጊው ከደጃፍ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ፥ በማን ቤት አጠገብ እንደ ወደቀ፥ በዚያም ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። «ጣልሁት» የሚለው ቃል ነገሩን ያለቀ ያስመስለዋል።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ የጣልነው ነገር አይጠፋም፤ ከእኛ ይርቃል እንጂ ከሰው ሁሉ አይርቅም። እርጥቡንና ደረቁን፥ የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን ደባልቀን ስንጥለው ደግሞ፥ እያንዳንዱ ለብቻው ሳለ ያልነበረውን ጕዳት ያመጣል። ይህን ማወቅ ለቤተ ሰብም፥ ለአጥቢያም፥ ለከተማ ሹምም ይጠቅማል።

1ኛ. የቀድሞው ቤትና የዛሬው ከተማ

በገጠር ኑሮ የሚጣል ነገር ጥቂት ነበረ። የእህሉ ገለባ ለከብት ይሆናል፤ የከብቱ እበት ለማገዶና ለማሳ ይሆናል፤ የምድጃው አመድ ወደ ጓሮ ይደፋል፤ የተሰበረው ገንቦ ገል እንኳ እሳት መጫሪያ ሆኖ ያገለግላል። ቅሉም፥ ቆዳውም፥ ስንደዶውም ከምድር የተገኘ ስለ ሆነ ሲያረጅ ወደ ምድር ይመለሳል እንጂ ምድርን አይጐዳም። እንዲህ ያለው ቤት ጥራጊውን ከጓሮው ቢደፋው፥ ዶሮ ጭራው፥ ዝናብ አርሶት፥ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ አፈር ይሆናል።

በከተማ ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው ብዛት ነው፤ በጥቂት ስፍራ ላይ እጅግ ብዙ ሰው ይኖራል፤ ጓሮ የሌለውም ይበዛል። ሁለተኛው ዐይነት ነው፤ ከልጣጩና ከአመዱ ጋር ላስቲክ፥ የፕላስቲክ ጠርሙስ፥ ቆርቆሮ፥ ባትሪ፥ አምፑል፥ የመድኃኒት ትርፍና የተሰበረ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይወጣል። እነዚህም ዶሮ የማይጭራቸው፥ ዝናብ የማያበሰብሳቸው ናቸው።

የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ የዓለም ከተሞችና መንደሮች በ2016 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ውስጥ 2.01 ቢልዮን ቶን ደረቅ ቆሻሻ እንዳወጡ፥ በ2050 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህ ቍጥር ወደ 3.4 ቢልዮን ቶን ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። በዚሁ ጥናት እንደ ተገለጠው፥ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህል የሆኑት የሀብታም አገሮች ሰዎች ከጠቅላላው ቆሻሻ 34 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ። እንግዲህ አብዝቶ የሚጥለው ድኻው አይደለም። ሆኖም በዝቅተኛ ገቢ በሚኖሩ አገሮች ከሚወጣው ቆሻሻ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በሜዳ ላይ ይጣላል ወይም በሜዳ ላይ ይቃጠላል። ስለዚህ ጥቂት የሚጥለው ብዙ ይጐዳል።

ከዚሁ ጋር ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በሀብታም አገሮች ቆሻሻ ውስጥ የምግብና የዕፀዋት ትርፍ ሲሶ ያህል ነው። በድኻና በመካከለኛ አገሮች ግን ከግማሽ ይበልጣል። ይህ ማለት የከተሞቻችን ጥራጊ አብዛኛው ክፍል ገና አፈር ሊሆን የሚችል፥ ማሳን ሊያዳብር የሚችል ነገር ነው ማለት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከማይበሰብሰው ጋር በአንድ ከረጢት ስለሚታሰር ነው።

ሰፈርና ከተማ ጕድፉን ወዴት እንደሚያደርስ ማሰቡ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሕዝቡ ከሰፈር ውጭ የታወቀ ስፍራ እንዲኖረው፥ መቈፈሪያም ይዞ እንዲወጣና ያደረገውን በአፈር እንዲሸፍን ታዝዟል። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ በነህምያ መጽሐፍ ከተዘረዘሩት በሮችም አንዱ የጕድፍ በር ይባል ነበር። ልብ እንበል፤ ሕጉ ማውጣትን ብቻ አላዘዘም፤ መሸፈንንም አዝዟል። ወጥቶ የተተወ ጕድፍ ገና ያልተፈጸመ ሥራ ነው።

2ኛ. ስለ ቆሼ

ለነገሩ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፥ ረጲ በሚባለው ስፍራ፥ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሰየመው የቆሻሻ መጣያ አለ። ስሙ ራሱ ቆሻሻ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በ1956 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ስፍራው ከከተማው ዳር የወጣ ሜዳ ነበር። ከተማው እያደገ ሲሄድ ግን ቤቶች ወደ መጣያው ቀረቡ፤ በመጨረሻም ከበቡት። ከ30 ሄክታር በላይ በሆነው በዚህ ስፍራ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ያለ መለየት፥ በየዕለቱም በአፈር ሳይሸፈን፥ ከሥሩም ፈሳሽ የሚያግድ ንጣፍ ሳይነጠፍለት ጥራጊ ሲደፋበት፥ ሜዳ የነበረው ኮረብታ ሆነ።

በዚያው አካባቢ ከድሮ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት የዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ነበረ፤ ይህም በኋላ አለርት የተባለው ነው። ከሕክምናው በኋላ ወደ አገራቸው ለመመለስ ያልቻሉ ብዙ ሰዎች በዙሪያው ሰፍረዋል። ከተማው ሊያየው የማይወደውን ጥራጊና ሊያቀርበው የማይወደውን ሰው ወደ አንድ ወገን እንደ ላከ ከዚህ እናስተውላለን።

በክምሩ ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ብረት፥ ፕላስቲክ፥ ጠርሙስና ጨርቅ እየለቀሙ በመሸጥ ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። መኪናው ሲደፋ ቀድሞ ለመድረስ፥ በጢስና በሽታ መካከል ሙሉ ቀን ጐንበስ ብሎ መዋል ብርቱ ድካም ነው። ይልቁንም እኛ በቤታችን ያልለየነውን እነርሱ በእጃቸው የሚለዩልን ሠራተኞቻችን ናቸው። ነገር ግን እኛ ብንለየው ኖሮ ንጹሕ ሆኖ የሚደርሳቸውን ነገር፥ ከመርፌና ከስባሪ ብርጭቆ መካከል ያወጡታል።

3ኛ. በክምሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር

ብዙ ሰው የቆሻሻ ክምር ዝም ብሎ የተኛ ይመስለዋል። ክምሩ ግን አይተኛም። ጠላ ተጠንስሶ የጋኑ አፍ ሲታተም፥ ውስጡ እየፈላ አየር እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። የምግብ ትርፍም በላስቲክና በሌላ ጥራጊ ሥር ሲታፈን፥ ነፋስ ስለማያገኝ፥ ነፋስ በማይሹ ረቂቅ ነፍሳት ይበሰብሳል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይወጣል።

የመጀመሪያው ጋዝ ነው። ግማሽ ያህሉ ሚቴን፥ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ በክምሩ ውስጥ እሳት ይነሣል፤ እንዲህ ያለው እሳትም ከላይ ሳይታይ ከሥር ብዙ ጊዜ ሊጤስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሚቴን ወደ ሰማይ ሲወጣ የምድርን ሙቀት ይጨምራል። በ100 ዓመት ሲታሰብ፥ አንድ ቶን ሚቴን ምድርን የሚያሞቀው እንደ 28 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። በአንድ ጓሮ የተጣለ ልጣጭ ነፋስ እያገኘ ቢበሰብስ ይህን ያህል ሚቴን ባላወጣም ነበር።

ሁለተኛው ፈሳሽ ነው። የእርጥቡ ጥራጊ ውሃና የክረምቱ ዝናብ በክምሩ ውስጥ አልፎ ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ አሟምቶ ይዞ ይወርዳል። ከባትሪው እርሳስና ካድሚየም፥ ከበሰበሰው ምግብ አሞንያ፥ ከመድኃኒቱም ትርፍ የተለያየ መርዝ ይቀላቀልበታል። በዚህ ዐይነት ጥቁርና ክርፋታም የሆነው ፈሳሽ ከክምሩ ግርጌ ይወጣል። ባትሪው ለብቻው በደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ መርዙ በውስጡ ይቈይ ነበር፤ መርዙን አሟምቶ መንገድ የሚሰጠው ከእርጥቡ ጋር መደባለቁ ነው። ልጣጩም ለብቻው ቢሆን ማዳበሪያ ነበር፤ መርዘኛ የሚያደርገው ከባትሪው ጋር መደባለቁ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተደባልቀው አንዱ ሌላውን አበላሸ።

4ኛ. ወደ አየር፥ ወደ ውሃ፥ ወደ መሶብ

ጕዳቱ ከመጣያው አጥር ውስጥ አይወሰንም። በሦስት መንገድ ወደ እኛ ይመለሳል።

አንደኛው መንገድ አየር ነው። ጥራጊ በሜዳ ላይ ሲቃጠል እሳቱ ደካማ ስለ ሆነ ነገሩን ጨርሶ አይፈጀውም። ደቃቅ ጥላሸት ይወጣል፤ ይህም ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። ላስቲክና ፕላስቲክ ሲቃጠል ደግሞ፥ ይልቁንም ክሎሪን ያለበት ዐይነት፥ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ በከብት ስብና በወተት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ካንሰርም ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ በየደጃፉ ማታ ማታ ጥራጊን ከላስቲክ ጋር አቃጥሎ «አጸዳሁ» ማለት፥ ቆሻሻውን ከመሬት አንሥቶ ወደ ሕፃናቱ ሳንባ ማስተላለፍ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ውሃ ነው። የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ክፍል የሚያጥበው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው፤ ምሥራቁን የሚያጥበው ደግሞ ትልቁ አቃቂ ነው። ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ኩሬ ይገባሉ፤ ከዚያም ውሃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። እነዚህን ወንዞች የሚያበላሸው የጥራጊ ክምር ብቻ አይደለም፤ የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም አለበት። ሆኖም በየቦዩና በየወንዙ ዳር የሚጣለው ጥራጊ ድርሻው ቀላል አይደለም። በክረምትም ጊዜ የውሃ መውረጃው በላስቲክ ሲደፈን ጐርፍ በድኻው ቤት ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ መሶብ ነው። በአቃቂ ወንዞች ዳር ያሉ አትክልተኞች በዚሁ ውሃ ጐመን፥ ሰላጣ፥ ቆስጣና ሌላም አትክልት ያለማሉ። ምርቱ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይመጣል። ተመራማሪዎች በእነዚህ አትክልቶችና በሚበቅሉበት አፈር ውስጥ እንደ እርሳስ፥ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ማዕድኖችን አግኝተዋል። እንግዲህ በከተማው ላይኛ ክፍል ወደ ወንዝ የተጣለው ነገር፥ በታችኛው ክፍል በቅጠል ውስጥ ገብቶ፥ በጾም ቀን በመሶባችን ላይ ይቀርባል። ከብቶችና በጎችም በየመንገዱ ላስቲክ ከምግብ ትርፍ ጋር ይውጣሉ፤ ላስቲኩም በሆዳቸው ተጠቅልሎ ይገድላቸዋል። ለዚህም ምክንያቱ መደባለቅ ነው፤ ከብት ላስቲክን የሚበላው የምግብ ሽታ ስላለበት ነውና።

5ኛ. መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ከዚህ በላይ የተናገርነው ቀስ ብሎ የሚጐዳውን ነው። በድንገት የሚገድልም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ ቅዳሜ ማታ፥ የቆሼ ክምር አንዱ ወገን ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አስከሬን ለማውጣት የተደረገው ቍፋሮ አያሌ ቀን ፈጀ፤ በአገሩ ሁሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከአንድ ቤት አባትም እናትም ልጆችም በአንድ ሌሊት የተቀበሩበት ሐዘን ነበር።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በፊሊፒንስ ደሴቶች፥ በኬሶን ከተማ፥ ፓያታስ በተባለው መጣያ በሐምሌ ወር 2000 እ.ኤ.አ. ከብርቱ ዝናብ በኋላ ክምሩ ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። በኢንዶኔዥያ፥ በባንዱንግ አጠገብ በየካቲት ወር 2005 እ.ኤ.አ. ከ140 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በስሪ ላንካ፥ በኮሎምቦ፥ የቆሼ ሐዘን ገና ሳይረሳ፥ በሚያዝያ ወር 2017 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ሆኗል። በኡጋንዳም ዋና ከተማ በካምፓላ በነሐሴ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ኪቴዚ የተባለው ክምር ተንዶ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል።

በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ የሚታየው ነገር አንድ ነው። ሳይጠቀጠቅና ሳይሸፈን የተቈለለ፥ እርጥብና ደረቅ የተደባለቀበት ክምር ቁልቁለቱ ሲበዛና ውስጡ በፈሳሽና በጋዝ ሲሞላ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ከሥሩም የሚኖረው ሌላ መኖሪያ ለመከራየት ያልቻለ ሰው ነው። ሰዎቹን የገደላቸው ነገር ከእያንዳንዱ ቤት በትንሽ በትንሹ የወጣ ነበር። ይህን የምንለው ሐዘንን ለማባባስ አይደለም። ሺህ ሰው ጥቂት በጥቂት የሠራውን አንድ ሰው ሠራው ተብሎ ስለማይከሰስ፥ ማንም ሳይጠየቅ እንዳይቀር ነው።

ደግሞም መልካም ነገር ከሐዘን የወጣበት ስፍራ አለ። ከፓያታስ ጥፋት በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በጥር 2001 እ.ኤ.አ.፥ በፊሊፒንስ ጥራጊን ከምንጩ መለየትን የሚያዝዝና የሜዳ ክምርን የሚከለክል ሕግ ተፈርሟል። ኢንዶኔዥያም የባንዱንግ ሰዎች የሞቱበትን ቀን፥ የካቲት 21ን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ስለ ቆሻሻ የሚታሰብበት የአገር ቀን አድርጋለች።

6ኛ. ማዛወር መድኃኒት ነውን? ማቃጠልስ?

አንዳንድ ሰው «መጣያው ከከተማው ርቆ ይሂድ፤ ነገሩ ያልቃል» ይላል። ይህ ተሞክሯል። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ አካባቢ አዲስ መጣያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታው እንዳስቸገራቸውና ውሃቸው እንደ ተበላሸ ገልጠው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሥራው ቆመ። ጥራጊውም እንደ ገና ወደ ቆሼ ተመለሰ። ክምሩ የተናደው ከዚህ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ነው። ገበሬውን ልንፈርድበት አይገባም፤ በደጃፉ ልንቀበለው የማንወደውን ነገር እርሱ በማሳው አጠገብ እንዲቀበል የምንጠይቅበት ምክንያት የለንምና። ማዛወር የጐረቤቱን ስም ይለውጣል እንጂ ጐረቤት የሌለበት ስፍራ አያስገኝም።

ሌላው ደግሞ «ይቃጠልና ኤሌክትሪክ ይሁን» ይላል። ይህም ተሞክሯል። በረጲ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ እንዲያቃጥል የታቀደ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። በትክክል የተሠራ ማቃጠያ፥ እሳቱ ብርቱ ስለ ሆነና ጢሱ ስለሚጣራ፥ በሜዳ ላይ ከማቃጠል እጅግ ይሻላል። ነገር ግን እርጥብ እንጨት በምድጃ የከተተች ሴት የምታውቀውን ነገር ማሽኑም አይስተውም፤ እርጥብ ማገዶ ሙቀቱን የሚፈጀው የራሱን ውሃ ለማድረቅ ነው። ግማሹ የምግብ ትርፍ የሆነ ጥራጊ ደካማ ማገዶ ነው። ስለዚህ ማቃጠያውም ቢሆን የሚጠቅመው አስቀድሞ እርጥቡ ከተለየለት ነው።

ነባሩን ክምር ለማከምም ዘዴ አለ። በጃፓን የፉኩኦካ ከተማና የፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ፥ በክምሩ ሥርና ውስጥ የተበሳ ቱቦ መዘርጋት ነው። በቱቦው ፈሳሹ ወደ ውጭ ይወርዳል፤ በዚያው ቱቦ ነፋስ ወደ ውስጥ ይገባል። ነፋስ ሲገባ ሚቴኑ ይቀንሳል፤ ፈሳሹም ይጠራል፤ ክምሩም ይረጋል። ከ2009 ዓ.ም. ጥፋት በኋላ ይህ ዘዴ በቆሼም እንዲሠራበት ተደርጓል። ዋጋው ብዙ ያልሆነ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ሕክምና ነው እንጂ በሽታው እንዳይመጣ የሚከለክል አይደለም።

7ኛ. መድኃኒቱ መለየት ነው

ከላይ እንዳየነው ጋዙም፥ ፈሳሹም፥ የከብቱም ሞት፥ የማቃጠያውም ድካም ከመደባለቅ የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚጀምረው ጥራጊው ከመደባለቁ በፊት፥ ማለት በየቤቱ ነው። ይህም በሦስት ዕቃ ይፈጸማል።

በመጀመሪያው ዕቃ የሚበሰብሰው ይገባል፤ ልጣጭ፥ የተበላሸ እንጀራ፥ የቡና አተላ፥ ቅጠልና ሣር። ጓሮ ያለው ሰው ይህን በጥላ ስር ከደረቅ ቅጠል ጋር እያነባበረ ቢከምረው፥ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥበቱን ቢጠብቅለት፥ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቢያገላብጠው፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁርና ለም አፈር ይሆንለታል። ነፋስ ያገኘ ብስባሽ አይከረፋም፤ ቢከረፋ መታፈኑን ያመለክታልና ማገላበጥ ነው። ሥጋና ስብ ግን ውሻና አይጥ ስለሚጠራ አይጨመርበትም። ጓሮ የሌላቸው ጐረቤቶችም በአንድነት ስፍራ ቢያዘጋጁ ይቻላቸዋል።

በሁለተኛው ዕቃ ደረቁና የሚሸጠው ይገባል፤ ወረቀት፥ ጠርሙስ፥ ቆርቆሮ፥ ፕላስቲክ፥ ብረት። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም። በየሰፈሩ እየዞረ የሚጣራው ቆራሌው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። በመርካቶ በምናለሽ ተራ የሚሠሩት ባለ እጆችም ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፥ ከቆርቆሮ ኩራዝና ማንቈርቈሪያ፥ ከመኪና ጎማ በረባሶ ያወጣሉ። ሌሎች አገሮች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚያስተምሩትን ነገር እኒህ ሰዎች በችግር ተምረውታል። እንግዲህ ሊናቁ አይገባም፤ ንጹሕና የተለየ ዕቃ ሊቀርብላቸው ይገባል እንጂ።

በሦስተኛው ዕቃ የሚጐዳው ይገባል፤ ባትሪ፥ አምፑል፥ መርፌ፥ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት፥ ስባሪ ብርጭቆ። እነዚህ በየቤቱ ጥቂት ስለሆኑ ታሽገው ሊቈዩ ይችላሉ። ስባሪውና መርፌው በወፍራም ካርቶን ወይም በቆርቆሮ ሳይከተት ከቤት አይውጣ፤ በላዩ የሚያርፈው የሰው እጅ ነውና።

«ጥራጊው ቢለይና መጣያው ቢዘጋ ለቃሚዎቹ ምን ይበላሉ?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ ታይቷል። በዚያ ያሉ ለቃሚዎች፥ አብዛኞቹ ሴቶች፥ በ1993 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላም ከከተማው አስተዳደር ጋር ተዋውለው፥ ከየቤቱ የተለየውን ጥራጊ ከደጃፍ እየተቀበሉ ዋጋቸውን የሚያገኙ ሆኑ። ሥራቸው አልተወሰደባቸውም፤ ከክምሩ ወርዶ ወደ ደጃፍ መጣላቸው እንጂ። በአዲስ አበባም ጥራጊን በጋሪ ከየቤቱ እየሰበሰቡ ወደ ገንዳ የሚያደርሱ ማኅበራት አሉ፤ መንገዱ ተጀምሯልና ሊጠናከር ይችላል። ነገር ግን ቤተ ሰቡ የለየውን መኪናው መልሶ ከደባለቀው ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ስለዚህ የከተማው ድርሻ ለየብቻ መሰብሰብ ነው።

8ኛ. ሕጉና የእያንዳንዱ ድርሻ

ሕግ አልጐደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቍጥር 513 የቤተ ሰብ ኀላፊ ተመልሶ የሚሠራበትን ከሚወገደው እንዲለይ ያዘዘ ነበር፤ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ የላስቲክ ከረጢቶችንም ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ ዐዋጅ አጽድቋል። ሩዋንዳ ይህን ክልከላ በ2008 እ.ኤ.አ.፥ ኬንያም በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አውለዋል። ነገር ግን ሕግ በልማድ ካልታገዘ በወረቀት ላይ ይቀራል። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት አያቶቻችን ያለ ዐዋጅ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው።

በዚህ ነገር የአጥቢያ አገልጋዮችና ምእመናን ልዩ ድርሻ አላቸው። በጥምቀትና በሌላው ታላቅ በዓል፥ በሠርግ፥ በማኅበርና በሰንበቴ ሕዝብ በአንድነት ሲሰበሰብ ብዙ የፕላስቲክ ጠርሙስ፥ ብዙም የምግብ ትርፍ ይቀራል። የእንግዳው ብዛት ሲያስደስት የሜዳው መቈሸሽ ግን ያሳፍራል። ጌታ በምድረ በዳ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ ቍርስራሹ በከንቱ እንዳይቀር አሰብስቦ 12 መሶብ እንደ ሞላ በወንጌል ተጽፏል። አምስት እንጀራ አበርክቶ አምስት ሺህ ሰው ያጠገበ ጌታ ቍርስራሹን ካልናቀ፥ እኛ የምንንቅበት ምክንያት የለንም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው በበዓል ቀን ሁለት ሁለት ዕቃ በየስፍራው ቢያኖር፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ሕዝቡን በትሕትና ቢያመለክቱ፥ ጠርሙሱ ለየብቻ ተሰብስቦ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለነዳያን ይውላል። በቅጥሩ ውስጥ የሚረግፈው ቅጠል ከማቃጠል ይልቅ በአንድ ጥግ ቢከመር ለዛፎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። ጠበል የሚቀዳበት ዕቃም በየጊዜው አዲስ ከሚገዛ ታጥቦ ቢመላለስ ይበቃል። ካህኑም ንስሓ ልጆቹን ሲጐበኝ ስለ ቤታቸው ንጽሕና የሚናገረውን ያህል፥ ከቤታቸው የወጣው ጥራጊ ወዴት እንደሚደርስ ቢጠይቃቸው ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ለከተማ ሹማምንትም የምንለው አለ። የመጣያ ስፍራ ሲመረጥ በዚያ የሚኖረው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ካሣውም እውነተኛ ይሁን። ከክምር ሥር ቤት እንዳይሠራ መከልከል ብቻ ሳይሆን፥ ለሚነሣው ሰው ሌላ መጠለያ ይዘጋጅለት። ጥራጊ የሚጭኑትና የሚለዩት ሠራተኞች ጓንትና ጫማ ያግኙ። ለጽዳት የሚከፈለው ገንዘብም ከደጃፍ ለማንሣት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ስፍራ ላለው ሥራ ይዋል።

ለማጠቃለል ያህል፥ ንጽሕና በደጃፋችን አያልቅም። ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን በጐረቤቱ ላይ የደፋ ሰው ቤቱ ንጹሕ ነው እንጂ እርሱ ንጹሕ አይባልም። በከተማም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጐረቤቱ በዐይን ስለማይታይ ብቻ ነው። ነገር ግን አለ፤ በክምሩ ሥር፥ በወንዙ ዳር፥ በአትክልቱ ቦታ ይኖራል። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ተጨማሪ ዕቃ በማድ ቤታችን ብናኖር፥ ልጣጩን ከላስቲኩ ብንለይ፥ ስባሪውን ሸፍነን ብናወጣ፥ ለዚያ ለማናየው ጐረቤት የሚደርሰውን ጕዳት በዚያው ቀን መቀነስ እንጀምራለን። ለዚህም ማስተዋሉንና ትጋቱን ይስጠን።